የክኒን እናት

ጎንደር አዲስ ዓለም፣ ከመስጊዱ ዝቅ ብሎ፣ ግቢው በቆርቆሮ የታጠረ አንድ ትንሽ ቤት ነበር። የቤቱ ሰዎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ እናትና ልጅ። እናቲቱ ሃጂራ ትባላለች። ባሏ ሲሞት ልጇ ዐዚዛ ገና ጡት አልጣለችም ነበር። ሃጂራ ከዚያ ወዲህ ሌላ ባል አላገባችም፤ ጠያቂ ጠፍቶ ሳይሆን «በልጄ ላይ እንጀራ አባት አላመጣም» ብላ ነው። ሁለቱን ያኖራቸው የእጇ ሙያ ነበር። ሃጂራ ሙሽራ ታስጌጣለች። አዲስ ዓለም ውስጥ ሃጂራ ሒና ሳትቀባት የተዳረች ልጅ ካለች፣ ሴቶቹ «ምነው፣ ዘመድ የላትም እንዴ?» እያሉ ያሟት ነበር። ዐዚዛ ደግሞ ሳቂታና ቀልደኛ ናት፤ የጎረቤቱን ሁሉ አነጋገር ትቀዳለች፣ እናቷንም አትምርም። «የሰው ሙሽራ ስታስጌጪ የራስሽን ጥፍር መቁረጥ ረሳሽ እኮ እማ!» እያለች ታስቃታለች። የሰው ልጅ ስትድር የኖረችው ሃጂራ፣ በ1999 ዓ.ም. ረመዳን ወጥቶ የሠርግ ወራት ሲገባ የራሷን ልጅ ልትድር ተነሣች። ሙሽራው ኢልያስ የሚባል የመተማ ነጋዴ ልጅ ነው፤ ጨዋ፣ ዓይነ አፋር፣ ዐዚዛ ስትስቅ አብሮ የሚስቅ። ለዚህች እናት ከዚህ በላይ ምን ደስታ አለ?

ለዚያ ቤት ከአላህ ቀጥሎ ምሰሶው በድሩ ነበር። በድሩ የሃጂራ ታላቅ ወንድም ነው። ቅዳሜ ገበያ ቅመም፣ ሽቶ፣ ሻሽና ሒና የሚሸጥበት ሱቅ አለው። ለዐዚዛ የትምህርት ቤት ልብስ የገዛ እሱ፣ ስትታመም ተሸክሞ ሐኪም ቤት የወሰደ እሱ። ልጅቱም አባት አላወቀችምና «አባ» የምትለው እሱን ነው። በድሩ ክፉ ሰው ነበር? አልነበረም! የሚያንገበግበው እኮ ይኸው ነው። ክፉ ቢሆን ኖሮ ሰው ይጠነቀቀው ነበር። ሶላቱን የማያጓድል፣ ለቅሶ የማይቀር፣ ሚዛን የማያጎድል ሰው ነበር። በዚህ ሁሉ ደግነቱ ላይ አንድ ነገር ብቻ ጎደለው፤ ሰው ፊት ማፈርን ከሞት አብልጦ የሚፈራ ሰው ነበር።

አሁን የምነግራችሁን ሃጂራ ዘርዝራ ያወቀችው ልጇን ከቀበረች በኋላ ነው። በከተማው ዳር ክኒን ሊቀመምበት ታስቦ የተከፈተ አንድ ድርጅት ነበር። የመጀመሪያው ክኒን ሳይወጣ ባለቤቱ ከሰረና ዕቃው ለጨረታ ቀረበ። በድሩ ባዶ በርሜል ሊገዛ ሄደ። ከመጋዘኑ ጥግ ግን አንድ ያልተከፈተ በርሜል ተቀምጧል፤ በላዩ ላይ የፈረንጅ ጽሑፍ፣ ትልቅ የኤክስ ምልክትና ጓንት ያጠለቀ እጅ ሥዕል ያለበት ወረቀት ተለጥፎበታል። የመጋዘኑ ኃላፊ እንዳልካቸው የተማረ ሰው ነበርና አንድ ባንድ አስረዳው።

«ጋሽ በድሩ፣ ይቺ ዱቄት መድኃኒት አይደለችም። የራስ ምታት ክኒን የሚሠራው ከሷ ነው፤ ክኒን ሆና እስክትወጣ ድረስ ግን መርዝ ናት። በባዶ እጅ አትነካም፣ ብናኟ አይተነፈስም። ሠራተኛ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ አድርጎ፣ አየር በሚገባበት ቤት ነው የሚይዛት። ብርሃንና እርጥበት እንዳያገኛት ተከድና ትቀመጣለች። ቆዳ ላይ ከቆየች ደም ውስጥ ትገባለች፤ ከንፈር ታጠቁራለች፣ ኩላሊት ትጎዳለች። እንዲሁ አትደፋም፤ የሚያስወግዳት ባለሙያ ነው።»

አሳምሮ ነገረው! ነግሮት ሲያበቃ ግን ምን አደረገ? መጋዘኑን ባዶ አድርጎ ቁልፍ የሚያስረክብበት ቀን ደርሶበታልና «በርሜሉን ከፈለግህ ከነዱቄቱ ውሰደው፣ ዱቄቱን ለሚመለከተው አስረክብ» ብሎ ጫነለት። ለሚመለከተው! የሚመለከተው ማን ነው? ስሙ ማን ይባላል? ቢሮው የት ነው? አገራችንን የጨረሳት እኮ ይህ «የሚመለከተው» የሚባል፣ ማንም አይቶት የማያውቅ ሰው ነው። እንዳልካቸው እንደዚያ ብሎ ራሱን ነጻ አወጣና ምሳውን ሊበላ ሄደ።

በድሩ መጀመሪያ ላይ ዱቄቱን ሊጥለው አስቦ ነበር። ጥቂት ዘግኖ ሲያወጣ ከሱቁ ጓሮ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ፈሰሰበት፤ የነካው ቦታ ቡናማ ሆነ፣ ውሎ ሲያድር ደግሞ ጠቆረ። ቢፈገፍጉት አይለቅም። የነጋዴ ልብ ክፉ ነው፣ ወዲያው ነቃ። በዚያ ወራት ሴቱ ሁሉ ከሱዳን በኩል የሚመጣውን ጥቁር ሒና ይፈልጋል፤ እሱ ደግሞ ውድ ነው። በድሩ ከተራ ሒና ጋር ትንሽ ቀላቅሎ በቁራጭ ጨርቅ ሞከረው፣ ጨርቁ ጥቁር ሐር መሰለ። ከዚያ ውሃ አሙቆ፣ ቢላዋ ይዞ፣ በበርሜሉ ላይ ያለውን ወረቀት ልጦ ጣለው። ፊደሉ የፈረንጅ ነው፣ አላነበበውም እንበል። ጓንት ያጠለቀ እጅ ግን የትኛው ጎንደሬ ነው የማይገባው? ገብቶታል! ስለገባው ነው የላጠው። ለዱቄቱም የሚያምር ስም አወጣላት፤ «የክኒን እናት» አላት። ገዢ «ምንድን ናት?» ሲለው «ክኒን የሚወለደው ከሷ ነው» ይላል። ሴቶቹም «ልጅየው ራስ ምታት ካዳነ እናቲቱ ምን ልትሠራ ነው!» እያሉ በማንኪያ በማንኪያ ወሰዱለት። በየወረቀቱ ጠቅልሎ ለሌሎች ቸርቻሪዎችም አከፋፈለ። መድኃኒት ተብሎ የተጠራ ነገር ማንን ያስፈራል?

አንድ ቅዳሜ ታየች የምትባለውን የአምባ ጊዮርጊስ ሴት ገበሬ፣ ባሏ እጇን እየመራ ወደ ሱቁ አመጣት። ዱቄቱን ሽበቷን ልታጠቁርበት ወስዳ ነበር። ፊቷ አብጦ ዓይኖቿ ተጋርደዋል፣ በነጠላዋ ሸፍናዋለች።

«አያ በድሩ፣ ምነው እንዲህ አረግኸኝ? ምን በድዬህ ነው?» አለችው።

በድሩ ደነገጠ። ሌላ ገዢ ሳያያት ወደ ጓዳ አስገብቶ «የአንቺ ደም አልተስማማው ይሆናል እንጂ ለሰው ሁሉ ሸጋ ነው» አላት። የገዛችበትን ገንዘብ መልሶ፣ አንድ አዲስ ሻሽ መርቆ፣ በጓሮ በር ሸኛት። ምስኪን ገበሬ! አመስግናው ሄደች። የዚያን ዕለት ቤቱ ሲገባ ግን ሚስቱን ሐዲጃን ጠርቶ «ያቺን ዱቄት እቤቴ እንዳላያት። አንቺም ልጆቹም እንዳትነኳት» አላት። ሐዲጃ «ምነው? ምን አላት?» ብትለው «አልኩሽ እንግዲህ!» ብሎ ተቆጣ። ሐዲጃም ወደ ማጀቷ ተመለሰች። እንግዲህ ፍረዱ፤ ለቤቱ መርዝ የሆነችው ለገበያው እናት ሆና ቀረች!

ሃጂራ ለልጇ ሒና የሚሆነውን ልትወስድ ወደ ወንድሟ ሱቅ የመጣችው ሠርጉ ሲቃረብ ነው። ሱቁ በሴት ተሞልቷል፤ ግማሾቹ የመጡት ለዚያችው ዱቄት ነው። ሃጂራ ገና ከበሩ «ወንድም ዓለም! ከክኒን እናት ስጠኝ እስቲ። የሰው ልጅ ሲያምርባት የኔዋ ለምን ይቅርባት!» ብላ ሳቀች። ሴቶቹም «ይገባታል! ይገባታል!» አሉ።

የበድሩ እጅ ማንኪያው ላይ ቀረ። እንዴት ያለች ቅጽበት ነበረች! አንዲት ቃል ብቻ ብትወጣው ኖሮ… «አንቺ አትውሰጂ» ቢላት ኖሮ… ግን ያንን ቃል ቢናገር እነዚያ ሁሉ ሴቶች ይሰሙታል። «ለእህትህ የከለከልኸውን ለኛ ለምን ሸጥኸው?» ይሉታል። ቅዳሜ ገበያ ያወራዋል። ሃጂራ እጁ ቆም ማለቱን አይታለች። የመሰላት ግን ሌላ ነው፤ ያሳደጋትን ልጅ ሊድር ስለሆነ ሆዱ ባብቶ መሰላት። «አይዞህ እንጂ፣ መተማ እኮ ቅርብ ነው» ብላ አጽናናችው። እሱም ዱቄቱን ጠቀለለላትና፣ ሲያቀብላት ጠጋ ብሎ «ትንሽ… ትንሽ ብቻ አድርጊበት» አላት። ስትወጣ «ማታ ሰው ልኬ አስመልሳታለሁ» ብሎ አስቦ ነበር አሉ። ማታ እንግዳ መጣበት። በማግስቱ ደግሞ የሠርጉን በሬ ሊገዛ ወጣ። ማሰብ ብቻውን ማንን አድኖ ያውቃል!

በነሃጂራ ሰፈር አንድ ወግ አለ። ሙሽራ ሒናዋን ከተቀባች በኋላ እጅና እግሯ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይታሰራል፤ የሚፈታው ግን በአማቷ እጅ ነው። አማት ፈትታ፣ ቀለሙን አይታ፣ ለሙሽራዋ ስጦታ ታደርጋለች። ከዚያ በፊት የፈታ ሰው ትዳሩን እንደፈታ ይቆጠራል። ሃጂራ በሒናው ዕለት ጠዋት ሒናውን በጥቁሩ ዱቄት አቦካችው። ለራሷ ልጅ ነውና አልሰሰተችም። እጇን እስከ ክንዷ፣ እግሯን እስከ ጉልበቷ ቀባቻት። ተርፎ ባየችው ጊዜ የፀጉሯንም ሥር ሥሩን ቀብታ፣ ሙቀት ቀለሙን ያወጣዋልና በፌስታል ጠቅልላ በሻሽ አሰረችው። እጅና እግሯንም በፌስታል ጠቀለለች። የኢልያስ እናት ከመተማ ተነሥታለች፣ ለምሳ ትደርሳለች ተብሏል። መኪናቸው ግን ከአይከል ወዲህ ተበላሽታ መንገድ ላይ ቀሩ።

ዐዚዛ መጀመሪያ ቀለደች። «እማ፣ እንደ ዕቃ ጠቅልለሽኝ ተረሳሁ» አለች። ምሳ ሰዓት ካለፈ በኋላ ቀልዱ ቀረ።

«እማ፣ ያቃጥለኛል።»

«ጥሩ ሒና ነው። ሲይዝ ያቃጥላል።»

«ራሴን አመመኝ… ትንፋሽ አጠረኝ። እባክሽ ፍቺልኝ።»

«ምን ነካሽ ልጄ? አማትሽ ሳትመጣ? ሟርት አታውሪ! ሙሽራ አታማርርም፣ ቻል አድርጊው።»

ቻል አድርጊው! ይህችን ቃል ሃጂራ እስከ ዕለተ ሞቷ አትረሳትም። ልጅቱም እናቷን ሰው ፊት ላለማሳፈር ጥርሷን ነክሳ ቻለችው። አመሻሹ ላይ እንግዶቹ ደረሱ። አማቲቱ ፌስታሉን ፈትታ እጇን ባየች ጊዜ «ማሻአላህ! እንዲህ ያለ ጥቁር አይቼም አላውቅ!» ብላ እልልታውን አቀለጠችው። ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። በዚያ እልልታ መካከል ዐዚዛ ከተቀመጠችበት ወደ ጎን ዘነበለች። ሃጂራ ልጇን ቀና አድርጋ ስታያት ከንፈሯ ጠቁሯል፣ ሒናው ያልነካው የጥፍሯ ሥርም ሰማያዊ ሆኗል። እልል ይል የነበረው አፍ ሁሉ ወዲያው ወደ ጩኸት ዞረ።

ሆስፒታል ያገኘቻቸው ዶክተር ዓይናዲስ የምትባል ወጣት ሐኪም ናት። ደም ስትቀዳ ደሙ ቀይ መሆኑ ቀርቶ የሻይ ዝቃጭ መስሎ ወጣ። ዶክተሯ ፊቷ ተለወጠ።

«እናቴ፣ ልጅቷ ምን ወሰደች? ምን ጠጣች?»

«ምንም አልወሰደችም፤ ሒና ነው የተቀባችው።»

«ሒና ብቻውን እንዲህ አያደርግም። ምን ጨመራችሁበት?»

«የክኒን እናት… ወንድሜ የሚሸጠው ነው።»

«ክኒን ምን? እናቴ፣ ትክክለኛ ስሙን እፈልጋለሁ። የመጣበትን ዕቃ፣ የተጻፈበትን፣ ምንም ቢሆን አምጡልኝ። ለእያንዳንዱ መርዝ የሚሰጠው ሕክምና የተለያየ ነው። ሩጡ!»

ሃጂራ በባጃጅ ወደ ወንድሟ ቤት በረረች። ነርሶቹ የዐዚዛን እጅና እግር በሳሙና አጠቡ። ፀጉሯ ግን በሻሽ ተሸፍኗል፤ የሙሽራ ፀጉር ወንድ ባለበት አይገለጥምና ማንም አልነካውም፣ ሃጂራም አልተናገረችም። ሒና ሲባል ሐኪሞቹ ያሰቡት እጅና እግር ብቻ ነበር።

በድሩ በሩን ራሱ ከፈተላት። እህቱ እግሩ ላይ ወደቀች።

«ወንድም ዓለም፣ ዐዚዛ ልትሞትብኝ ነው! ያ ዱቄት ምንድን ነው? ስሙን ንገረኝ፣ ሐኪሟ ስሙን ትፈልጋለች!»

በድሩ ሁሉንም አወቀ። ያቺ ገበሬ ታየች ፊቱ ድቅን አለች፣ እንዳልካቸው የነገረው እያንዳንዱ ቃል መጣ። ከዚያ ደግሞ እስር ቤቱ፣ የታሸገው ሱቅ፣ የገበያው አፍ ተከትለው መጡበት። «ታየች አልሞተችም፤ ይቺም ትድናለች» ብሎ ራሱን አታለለ። እጁንም አንሥቶ ማለ።

«ወላሂ ሒና ብቻ ነው። የሱዳን ጥቁር ሒና። ምንም የገባበት ነገር የለም። የበላችው ምግብ ይሆናል፣ እንደዚያ በያቸው።»

ወላሂ! በአላህ ስም! ታላቅ ወንድሟ በአላህ ስም ከማለላት እህት ምን ትበል? እንዲያውም ደስ አላት። «እኔ አይደለሁም የጎዳኋት» ብላ ልቧ ቀለላት። ከመጋረጃው ኋላ ሐዲጃ ቆማ ሁሉን ሰምታለች፤ እሷም ባሏን ፈርታ ከዚያው አልወጣችም። ሃጂራ ተመልሳ ለዶክተሯ «ወንድሜ ምሏል፣ ሒና ብቻ ነው» አለቻት። ዓይናዲስ አላመነችም፤ ሆኖም ስሙን ለማታውቀው ነገር ምን ታደርግ? ኦክስጂን ሰጠች፣ በግምት የሚቻላትን አደረገች፣ ከአልጋው ሳትለይ አደረች። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከሻሹ ሥር ያለው ዱቄት ሥራውን ይሠራ ነበር።

ሲነጋጋ ዐዚዛ ዓይኗን ገለጠች። ሽንቷ እንደ ቀለም ጠቁሮ ቀስ በቀስም ቆሟል።

«እማ… አባስ? ምነው አልመጣም?»

«ይመጣል ልጄ፣ መንገድ ላይ ነው።»

«ሲመጣ ቀስቅሺኝ» አለችና ዓይኗን መልሳ ከደነች።

አባ ግን አልመጣም። የመጣችው ሐዲጃ ናት። ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ያጣች ሴት፣ ነጠላዋን እንኳ በቅጡ ሳትለብስ በበሩ ገባች። ሻሹን ስታይ ደርቃ ቆመች።

«ፀጉሯንም ቀብተሻታል?»

«አዎ… ምነው?»

ሐዲጃ ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጭና ጮኸች። «እጠቧት! አላህ ይይላችሁ እጠቧት! መርዝ ነው! ከክኒን ድርጅቱ መጋዘን የመጣ ነው። እኛን ቤት እንዳይገባ ከልክሎናል! ያወቀው ድሮ ነው!»

ሻሹ ተፈታ። ዓይናዲስ ራሷ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ጓንት አጥልቃ የልጅቱን ራስ አጠበች፤ የሚወርደው ውሃ ጥቁር ነበር። ሐዲጃ ስልኩን አፈላልጋ ለመጋዘኑ ኃላፊ ለእንዳልካቸው ተደወለለት፤ እሱም የዱቄቱን ስም ባንድ ትንፋሽ ለዶክተሯ ነገራት። ፓራ አሚኖፌኖል። እንዲህ በቀላሉ! መድኃኒቱ ተፈልጎ ተሰጠ፣ የከንፈሯም ጥቁረት ጥቂት ለቀቀ። ኩላሊቶቿ ግን ሥራቸውን አቁመዋል። በኩላሊት ፈንታ ደም የሚያጥበው መሣሪያ ያለው አዲስ አበባ ነው። ኢልያስ የሠርግ ልብሱን እንደ ለበሰ መኪና ፍለጋ በጎንደር ፒያሳ ይሮጥ ነበር። ዶክተሯ ኮሪደር ላይ ቆማ «ትናንት ቢነገረኝ ኖሮ…» አለች። ኢልያስ መኪና አግኝቶ ሲመለስ ዐዚዛ በእናቷ ክንድ ላይ አርፋ ነበር።

በዚያው ቀን ተቀበረች። ለሠርግ የተተከለው ድንኳን ለለቅሶ ሆነ፤ ለሠርግ የታሰበው በሬ ለለቅሶተኛ ታረደ። በድሩ ከወንዶቹ መካከል ፊተኛው ላይ ተቀምጦ ከሁሉ በላይ ያለቅሳል፣ ሰዉም ተራ በተራ «አላህ ያጽናህ፣ አንተ ነበርክ አባቷ» ይለዋል። ዕንባው የውሸት አልነበረም፤ ለዚህም ነው ሃጂራን ያቃጠላት። ነገሩን የሰሙት ጥቂት የዘመድ ሽማግሌዎች ሃጂራን ከጓዳ ጠርተው አነጋገሯት። ሸህ ኡዘይር የሚባሉት ታላቁ «ልጄ፣ ቀደር ነው። ቀኗ ደርሷል። ወንድምሽም ተጸጽቷል። የቤተሰብ ገመና አደባባይ አይወጣም፤ አፉ በይው፣ እዚሁ ይቅር» አሏት።

ሃጂራ አንገቷን ደፍታ ሰማቻቸው። እውነት ቀደር ነው? አላህ የወሰነውን ማን ይክዳል! ግን ሰው በገዛ እጁ የሠራውን ሁሉ ወስዶ ለአላህ የሚያሸክመው እስከ መቼ ነው? ልጅቱን ያቃጠላት ዕድሏ ነው ወይስ ለገዢ ያፈረ ሰው ዝምታ? ወላሂ ያለው ዕድል ነው? እነዚህ ሽማግሌዎች ገመና የሚሉት እኮ በየቤቱ ተጠቅልሎ ተቀምጧል! ይህን ስታስብ ነው ከሴቶቹ በኩል አንዲት ድምፅ የሰማችው። ወለላ የምትባለው ጎረቤቷ ለሌላዋ በሹክሹክታ «ቶሎ ልሂድ፤ የእህቴን ልጅ ጠዋት አስረናት ነው የወጣሁት» ስትል ነበር። ወለላ ክርስቲያን ናት፤ ሒናው ሲያምር አይታ ለእነሱም ሠርግ ወስዳ ነበር።

ሃጂራ ሽማግሌዎቹን ትታ ወጣች። በሴቶቹ መካከል አልፋ፣ በዚያ ሰፈር ሴት ገብታበት ከማታውቀው ከወንዶቹ ድንኳን መካከል ቆመች። 

«ስሙኝ! ልጄን የገደላት የክኒን እናት ነው። የቀባኋት እኔ ነኝ፣ በዚህ እጄ። የሸጠው በድሩ ነው። መርዝ መሆኑን ያውቃል፤ ለሚስቱና ለልጆቹ ከልክሎ ለእናንተ ሸጠላችሁ። ቤታችሁ ዛሬ የታሰረች ልጅ ያለቻችሁ፣ እዚህ ለኔ አታልቅሱ! ሂዱና ፍቱ! በውሃና በሳሙና እጠቡ! ፀጉሯንም እጠቡ! ሐኪም ሲጠይቃችሁ ስሙን ንገሩ!»

ወለላ ጫማዋን ጥላ ሮጠች። ሌላዋ ተከተለች፣ ሌላዋም። ነጠላቸው እየወደቀ፣ እየተደነቃቀፉ፣ የሴቶቹ ድንኳን ባዶ ሆነ። ወንዶቹም ተነሡ፤ አንዳንዱ ወደ ቤቱ ሮጠ፣ አንዳንዱ በድሩን አይቶ ምራቁን ተፍቶ አለፈ። ሸህ ኡዘይር እንኳ የልጅ ልጃቸው ትዝ ብላቸው በምርኩዛቸው እየተጣደፉ ወጡ። ድንኳኑ ውስጥ ወንድምና እህት ብቻ ቀሩ።

በድሩ በጉልበቱ እየዳኸ መጣ። «እህቴ… አፉ በይኝ። ሱቁንም ቤቱንም ውሰጂ፣ ለፖሊስም ስጪኝ፣ ብቻ አፉ በይኝ!»

«አልልህም።»

«ስለ አላህ…»

«በሱ ስም ምለህ ነው ልጄን የቀበርካት! አልልህም በድሩ። ዛሬም አልልህም፣ ነገም አልልህም። ሕግ የሚልህን ሕግ ይበልህ። አሁን ግን ተነሥ። ለቅሶ ያልመጣ ቤት አለ፣ ከቸርቻሪ የገዛም አለ። በአዲስ ዓለም አንድ በር እንዳትዘልል፣ ሁሉን አንኳኳና በገዛ አፍህ ንገራቸው። ሂድ!»

ተነሥቶ ወጣ። ጫማውን እንኳ አልፈለገም። ሃጂራ ከድንኳኑ ምሰሶ ሥር ተቀመጠች። ከቆርቆሮው አጥር ማዶ የጎረቤት በር ሲንኳኳ ሰማች። «ማነው?» አለች አንዲት ሴት።

«በድሩ ነኝ» አለ። «የሸጥኩት ነገር መርዝ ነው፣ አትቀቡት።»

ሃጂራ ያን ቃል ከወንድሟ አፍ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። ቀጥሎ ሁለተኛው በር ተንኳኳ፤ ያንኑ ቃል ደገመው። ሦስተኛውም። ሃጂራ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከትታ ነከሰችው። እንዴት አጭር ቃል ናት! ያ ሁሉ ሴት ሱቁ ውስጥ ቆሞ ሳለ፣ ማንኪያውን ይዞ ሳለ፣ ባንድ ትንፋሽ ሊላት ይችል ነበር።